የጧፍ ብርሃንና የካሜራ ቁጥር
በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ስለ ተነሡ የሌሊት ፎቶግራፎች

ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ በሀገራችን የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ ከምስሉ ይልቅ በመሣሪያው ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ሁለት ባለሙያዎች በተገናኙ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን አነሣህ?» ሳይሆን «በምን አነሣህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም፤ ሸማኔም ስለ መወርወሪያው፣ ሠዓሊም ስለ ቀለሙ ይጠይቃል። ነውሩ ያለው በመልሱ ላይ ነው፤ መልሱ ዘወትር ቁጥር ሆኖ ይገኛልና። ከቁጥሮቹም ሁሉ ይበልጥ የሚፎከርበት፣ ካሜራው በጨለማ ምን ያህል ማየት እንደሚችል ይገልጻል የሚባለው የአይ.ኤስ.ኦ. ቁጥር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቁጥር ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚደብቀን በሰሜን ሸዋ በተነሡ ጥቂት ምስሎች አማካይነት መመርመር ነው።

ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በፊልም ዘመን ይህ ቁጥር (ቀደም ሲል ኤ.ኤስ.ኤ. ይባል የነበረው ነው) ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ንቃት ይገልጽ ነበር። 400 የተጻፈበት ፊልም 100 ከተጻፈበት በሩብ ብርሃን ይበቃዋል፤ ነገር ግን የንቁ ፊልም ቅንጣቶች ትልልቅ በመሆናቸው ምስሉ ይሻክራል። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1954 ለ35 ሚሊሜትር ካሜራ ባወጣው ትራይ-ኤክስ የሠራ አንጋፋ ባለሙያ ይህን ሸካራነት በጣቱ የዳሰሰው ያህል ያውቀዋል። በዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቦታ የያዘው ሴንሰር ነው። ሴንሰር ግን እንደ ፊልም አይለወጥም። የአይ.ኤስ.ኦ. ቁጥር ከፍ ሲል የሴንሰሩ ዐይን አይበረታም፤ የተቀበለው ጥቂት ብርሃን ይጎላል እንጂ። ነገሩ ከድምፅ ማጉያ ጋር ይመሳሰላል። ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ማጉያውን ከፍ ብናደርገው ቃሉ ይሰማል፤ ጭርጭርታውም አብሮ ይሰማል። በምስል ላይ ሲወጣ ይህ ጭርጭርታ በጥቁሩ ሥፍራ እንደ ተበተነ ጤፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ባለሙያዎቻችን «ኖይዝ» ይሉታል፤ ቃሉ በሙያው የተለመደ ስለሆነ እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ።

ነገሩን ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አንኮበር የወሰድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸዋ ለውጭ ተመልካች ዐይን ቀደም ብላ የተጋለጠች ምድር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የመጣው የሃሪስ መልእክተኛ ቡድን ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ሠዓሊ ይዞ ነበር። ሠዓሊ ጨለማ አያሳስበውም፤ ቀን ያየውን ሌሊት፣ ሌሊት ያየውን ቀን ከትዝታው ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ ሸዋ የመጣው የአንቲኖሪ ቡድን ከአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ጣቢያውን ሲያቋቁም ግን ሌላ ዘመን ገባ። ኋላ በዚያ የሠራው ሐኪም ሊዮፖልዶ ትራቬርሲ በሸዋ ፎቶግራፍ ካነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። የዚያን ጊዜው የመስተዋት ሰሌዳ ንቃቱ ከዛሬው 100 እጅግ ያነሰ ስለ ነበር፣ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው ወደ ደጅ መውጣት፣ በፀሐይ ፊት መቆምና ትንፋሹን ዋጥ ማድረግ ነበረበት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹም የተሻለ መሣሪያ ይያዙ እንጂ ከዚህ ሕግ አልወጡም።

ስለዚህ ከዚያ ዘመን ያየናቸው ምስሎች ከሞላ ጎደል የፀሐይ ምስሎች ናቸው። ተራራው አለ፤ አደባባዩ አለ፤ ጋሻና ጦር ይዞ ዐይኑን ያጨፈገገ ሰው አለ። የማኅሌቱ ሌሊት፣ በእሳት ዳር የሚፈተለው የበግ ጠጉር፣ በጨለማ ጎጆ ውስጥ ያለው ፊት ግን የለም። ግማሹ ኑሯችን ሳይነሣ ቀርቷል ማለት ነው። ፍላሽ ይህን ጉድለት ይሞላል እንዳይባል ፍላሽ ጨለማን ያባርራል እንጂ አያሳይም፤ በቅዳሴና በማኅሌት መካከል ብልጭ ሲልም ሥርዓቱን ያውካል። በጧፍ ብርሃን ብቻ ቆሞ የሚነሣ ምስል በእርግጥ የተቻለው በዚህ በእኛ ዘመን ነው። በሩ አሁን ከተከፈተ፣ በየትኛው መሣሪያ እንገባለን የሚለው ጥያቄ የመዝናኛ ጥያቄ አይደለም።

ከፊቴ ሁለት ፎቶግራፎች አሉ። ሁለቱም ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ሌሊት፣ ታቦታቱ ካደሩበት ድንኳን አጠገብ በደብረ ብርሃን የተነሡ ናቸው። አንሺዎቹ የከተማይቱ ተወላጆች የሆኑ ሁለት ወጣቶች ሲሆኑ ስማቸውን ለራሳቸው ትቼላቸዋለሁ። በሁለቱም ላይ የሚታዩት አንድ ሰው ናቸው፤ ነጭ ነጠላ ተከናንበው፣ በላዩ ጥቁር በርኖስ ደርበው፣ ጧፍ ይዘው የቆሙ አረጋዊ መሪጌታ።

የመጀመሪያው ፉል ፍሬም በሚባለው፣ ሴንሰሩ ትልቅ በሆነው ውድ ካሜራ የተነሣ ነው። ሰማዩ ታጥቦ እንደ ተሰጣ ጥቁር ጨርቅ የጸዳ ነው፤ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። የመሪጌታው ፊትም እንዲሁ የጸዳ ነው፤ ከመጠን በላይ የጸዳ። ግንባራቸው እንደ ሰም ይለሰልሳል፤ ጢማቸው አንድ ወጥ ግራጫ ቀለም ነው፤ ነጠላቸው ወረቀት ይመስላል። ሁለተኛው በአሮጌና በርካሽ፣ ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ የተነሣ ነው። ኖይዙ ከሰማዩ እስከ መሬቱ ተበትኗል። ነገር ግን የግንባሩ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከነጠላው ዳር ጥበቡ ክሩን ይዞ ይታያል፤ ቀልጦ በጣታቸው ላይ የረጋው ሰም ሳይቀር አለ።

ሁለቱ ምስሎች በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን በተሰቀሉ ጊዜ ተመልካቹ ያለ ማመንታት የመጀመሪያውን አደነቀ። «ካሜራ ማለት ይህ ነው!» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን መሪጌታው ራሳቸው መጡ። በመጀመሪያው ፊት ብዙ ጊዜ ከቆሙ በኋላ ወጣቱን ጠርተው «ልጄ፣ ይህስ እኔን ይመስላል፤ ግን ሽበቴን ማን ላጨው?» አሉት። ወደ ሁለተኛውም ዞረው «ይኸኛው እኔ ነኝ። ምነው፣ ያን ዕለት ይህን ያህል አቧራ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ከዚህ የተሻለ ሂስ በዚያ አዳራሽ ሲነገር አልሰማሁም።

የትንሹ ካሜራ ባለቤት በዚህ ተደፋፍሮ «ጋሼ፣ እንግዲህ የኔ ካሜራ ከሱ ይበልጣል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አይደለም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ሁለቱን ምስሎች አይተን ሁለቱን ካሜራዎች ያወዳደርን ይመስለናል፤ ያወዳደርነው ግን ሌላ ነገር ነው።

ዝርዝሩን ስጠይቅ የሚከተለው ተገኘ። የውዱ ካሜራ ሌንስ አፐርቸሩ ከ4 በላይ የማይከፈት ዙም ነበር። የርካሹ ሌንስ ደግሞ እስከ 1.8 የሚከፈት፣ በየሱቁ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኘው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። 4ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናበዛው 4.9 እናገኛለን፤ በእኩል የሹተር ፍጥነት ሁለተኛው ሌንስ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ወደ 5 እጅ የሚጠጋ ብርሃን ያሳርፋል ማለት ነው። የሴንሰሮቹ ስፋትስ? ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ትንሹ 22.3 በ14.9፣ ማለትም 332 ያህል። ትልቁ 2.6 እጅ ይበልጣል። ሂሳቡ ሲጠቃለል በዚያች ሌሊት ርካሹ ካሜራ ከውዱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ብርሃን ሰብስቧል። በዚህ ላይ የውዱ ካሜራ ምስል በካሜራው ውስጥ የኖይዝ መቀነሻው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ በጄፔግ የወጣ ሲሆን፣ የሁለተኛው ግን በሮው ተይዞ ምንም ሳይነካ የታተመ ነው። ጽዳቱ የሴንሰሩ ችሎታ አልነበረም፤ የመጥረጊያው ሥራ ነበር። መጥረጊያው ደግሞ አቧራንና ሽበትን ለይቶ አያውቅም።

ኖይዝ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ይህ ሁሉ ምሥጢር ሆኖ ይቀራል። በደብረ ብርሃን ዝናብ ሲያካፋ አንድ ሰፊ ገበታና አንዲት ሲኒ ደጅ እናስቀምጥ። ብርሃን እንደ ዝናቡ በነጠብጣብ የሚወርድ ነው። ካፊያው ስስ ሲሆን በሲኒዋ ውስጥ አንድ ጊዜ አምስት፣ አንድ ጊዜ ሰባት፣ አንድ ጊዜ ሁለት ጠብታ ይገባል፤ በገበታው ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም። ሕጉም የታወቀ ነው፤ የመዋዠቁ መጠን የብዛቱ ካሬ ሥር ነው። 100 የብርሃን ቅንጣት የተቀበለ ነጥብ በ10 ያህል ይዋዥቃል፤ ይህም ከመቶ አሥር ነው። 10,000 የተቀበለው በ100 ይዋዥቃል፤ ከመቶ አንድ ብቻ። እንግዲህ በጨለማ ምስል ላይ የምናየው ኖይዝ አብዛኛው የካሜራው ጥፋት አይደለም፤ የብርሃኑ የራሱ ጠባይ ነው። ከካሜራው የሚመጣው ሴንሰሩ ሲነበብ የሚጨመረው ጭርጭርታ ነው፤ እርሱም በአዳዲሶቹ ካሜራዎች እጅግ ቀንሷል።

ካሜራዎቹ በእርግጥ ተሻሽለዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2007 ዲ3 የተባለውን ባለ 12.1 ሜጋፒክሰል ካሜራ ሲያወጣ በ6400 የሚሠራ ምስል ማግኘት ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዲ3ኤስ መደበኛውን ጣሪያ 12,800 አደረሰው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ኤ7ኤስ የተጻፈው ቁጥር 409,600 ደረሰ፤ የ2016ቱ ኒኮን ዲ5 ደግሞ 3,280,000 ብሎ ጻፈ። ሦስት ሚሊዮን! ይህ የመጨረሻው ቁጥር ግን ከመደበኛው 102,400 በአምስት እጥፋት የተጎተተ ነው። በዚያ ቁጥር የተነሣ ምስል ሰው መኖሩን ይናገራል፤ ማን መሆኑን ግን አይናገርም።

ከሣጥኑ ቁጥር ይልቅ በላቦራቶሪ የተለካውን ብንመለከት ታሪኩ ይለወጣል። ዲ.ኤክስ.ኦ.ማርክ የተባለው የፈረንሳይ መዛኝ ምስሉ ከተወሰነ የጥራት ደረጃ ሳይወርድ ሊነሣበት የሚችለውን ከፍተኛ አይ.ኤስ.ኦ. ይለካል። የ2008ቱ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 በዚህ ሚዛን 1815፣ የ2009ኙ ኒኮን ዲ3ኤስ 3253፣ የ2018ቱ ሶኒ ኤ7 3 ደግሞ 3730 አግኝተዋል። በሙያው ቋንቋ አንድ ስቶፕ ማለት አንድ የብርሃን እጥፍ ነው። ከዲ3ኤስ እስከ ኤ7 3 ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ የተገኘው ትርፍ ግን የስቶፕ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። በካኖኑና በዲ3ኤስ መካከል ያለው ልዩነት እንኳ አንድ ስቶፕ አይሞላም። ሌንስን ከ4 ወደ 1.8 መለወጥ ግን ከሁለት ስቶፕ በላይ ይሰጣል። ይህን ሂሳብ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ በግዥ ኮሚቴ ግን ሲሠራ አላየሁም።

አንድ ጊዜ የካሜራ ግዥ ሰነድ እንድመለከት ተጠርቼ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። በመስፈርቱ ላይ ከፍተኛው የአይ.ኤስ.ኦ. ቁጥርና የሜጋፒክሰሉ ብዛት በደማቁ ተጽፈዋል፤ ስለ ሌንስ የተጻፈው «ከነሌንሱ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከነሌንሱ የመጣው ሲጠጋጋ ሲርቅ አፐርቸሩ ወደ 5.6 የሚጠብበው ዓይነት ዙም ነበር። ከ1.8 ጋር ሲነጻጸር ይህ ሌንስ አንድ አሥረኛ ያህል ብርሃን ነው የሚያስገባው። ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፤ ካሜራውም ተገዛ። በካሜራው የተነሡትን የሌሊት ምስሎች ኋላ አይቻቸዋለሁ፤ ባለሙያው ጎበዝ ሰው ስለ ነበር አዘንኩለት።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ምስሉን በኮምፒዩተር ላይ መቶ በመቶ አጉልቶ ነጥብ በነጥብ ማወዳደር ነው። ብዙ ፒክሰል ያለው ካሜራ በዚህ ዐይነት ሲታይ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ምክንያቱም እየተመለከትነው ያለነው ከምስሉ ትንሽ ቁራጭ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆኑት ሁለት የሶኒ ካሜራዎች ናቸው። ኤ7ኤስ 12.2 ሜጋፒክሰል፣ ኤ7አር 36.4 ሜጋፒክሰል አላቸው። የአንዱ ነጥብ ከሌላው ነጥብ በስፋት ሦስት እጅ ይበልጣል። «እንግዲያማ በጨለማ ኤ7ኤስ ሦስት እጅ ይሻላል» ማለት ይቀናናል። ሁለቱ ምስሎች በእኩል መጠን ሲሰፉ ግን ዲ.ኤክስ.ኦ.ማርክ የሰጣቸው 3702ና 2746 ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ስቶፕ እንኳ አይሞላም። ፎቶግራፍ የሚሰቀለው በግድግዳ፣ የሚታተመው በገጽ ላይ ነው፤ ማወዳደሪያውም ግድግዳውና ገጹ መሆን አለበት። በካሜራው ላይ የተጻፈው 6400 በሁሉም ዘንድ አንድ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አይ.ኤስ.ኦ. 12232 የተባለው የዲጂታል ካሜራ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሻሻል አምራቹ ተገቢ ነው ያለውን ቁጥር እንዲሰይም የሚፈቅድ መንገድ ተከፍቷል። ስለዚህ ሁለት ካሜራዎችን የሚያወዳድር ሰው አፐርቸሩንና የሹተር ፍጥነቱን እኩል ሳያደርግ በቁጥሩ ብቻ ቢተማመን፣ በሁለት የተለያየ ቁና ሰፍሮ እህሉ በዛ አነሰ እንደሚል ነጋዴ ነው።

እስካሁን ያልነው በየትም አገር ሊባል የሚችል ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኛ ነገር ነው፤ በውጭ መጽሔቶች የሚታተሙት ንጽጽሮችም አይነግሩንም። ላቦራቶሪው የሚለካው በተመጣጠነ ነጭ ብርሃን ነው። የጧፍ ብርሃን ቀይና ቢጫው የበዛ፣ ሰማያዊው እጅግ የሳሳ ነው። ካሜራው ይህን ወደ ተለመደው ቀለም ሊመልስ ሲል ሰማያዊውን ክፍል ለብቻው ብዙ እጅ ያጎላዋል፤ ኖይዙንም አብሮ። በ3200 አነሣሁ የሚለው ሰው በሰማያዊው ክፍል ከ10,000 በላይ ሊያነሣ ይችላል ማለት ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ሰማያዊ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። በጧፍ ብርሃን ከሚነሣ ሥዕል መጀመሪያ የሚፈርሰው ያ መጎናጸፊያ ነው። የብራና መጻሕፍትም ሌላ ችግር አለባቸው። በቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱሳን ስም በቀዩ ክፍል ሲታይ ከብራናው ጋር ሊመሳሰል ይደርሳል፤ ከብራናው የሚለየው በአረንጓዴውና በሰማያዊው ክፍል ነው፤ ጧፍ የነፈጋቸው እነዚያኑ ክፍሎች። ጥቁሩ ጽሑፍ ሲነበብ ስሙ ይጠፋል።

ስለ ፊታችንም መናገር ግድ ነው። ጥቁር ፊት ከነጭ ፊት ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ያነሰ ብርሃን ይመልሳል። በፊልም ዘመን «ሸርሊ» በመባል የታወቁት የኮዳክ የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለብዙ አሠርት ዓመታት የነጭ ሴት ፊት የታተመባቸው ነበሩ። ያ ዘመን አልፏል፤ ልማዱ ግን ፈጥኖ አያልፍም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው ነጠላው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው የነጠላው ንጣት እንዳይቃጠል ሲል ብርሃኑን ይቀንሳል፤ በነጠላው የተከበበው ፊት ይበልጥ ወደ ጥላው ይወርዳል፤ ኖይዝ የሚፈላውም እዚያው ጥላው ላይ ነው። በውጭ አገር በ6400 «ንጹሕ ነው» የተባለለት ካሜራ በመሪጌታው ፊት ላይ ንጹሕ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራ ለመግዛት የሚወዳደር ሁሉ ነጭ ነጠላ የተከናነበ ጥቁር ፊት በጧፍ አስነሥቶ ይምረጥ። የቀረው ፈተና ለሌሎች የተዘጋጀ ነው።

ስለ መጥረጊያውም ትንሽ ልጨምር። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2023 በላይትሩም ውስጥ ያስገባው ዓይነት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ኖይዝ መቀነሻ አሁን በብዙ ወጣቶች እጅ ይገኛል። ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው፤ ፊትን ሰም አያደርግም። አደጋው ሌላ ነው፤ የጠፋውን ከግምት ይሞላል። ለጋብቻ ፎቶግራፍ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ለብራና ግን ችግር ነው። «ሉ»ንና «ሊ»ን የሚለያቸው አንዲት ጭረት ከወገብ መሆኗና ከእግር መሆኗ ብቻ ነው። ያቺን ጭረት ኖይዝ ከሸፈናት አንባቢ «አልተነበበም» ብሎ ያልፋል፤ መጥረጊያው ግን ጭረቷን ወደ መሰለው ቦታ ወስዶ ቢያሥላት አንባቢ ያለ ጥርጣሬ ስሕተት ያነባል። መምህራንና የቅርስ ሠራተኞች ያልተነካውን ሮው ሁልጊዜ እንዲያስቀምጡ የምለምነው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር በማለፍ። ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ አምፖል ሥር በተነሣ ምስል ላይ የሚታየውን አግድም ጥላ ኖይዝ ብሎ ካሜራውን ይረግማል፤ ያ የመብራቱ መርገብገብ ነው፤ ሹተሩን ወደ 1/50 ወይም 1/100 ቢመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ሹተሩ ለብዙ ሴኮንዶች ተከፍቶ ኮከብ ሲነሣ ሙቀት ራሱ ኖይዝ ይፈጥራል፤ ሴንሰሩ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ከ2,800 ሜትር በላይ ያለችው የደብረ ብርሃን ብርድ ለዚህ ሥራ በረከት ነች። ባትሪ በብብት መያዝ ብቻ ነው። በዚያው ሌሊት ታርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ሌላ ካሜራ የሞከረ ሰው የካሜራውን ሳይሆን የቆላውን ውጤት ይዞ ይመጣል። ለጧፍ ምስል ግን፣ ሹተሩ አጭር ስለሆነ፣ ይህ ቁም ነገር አይደለም።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ከተራው ካለፈ በኋላ ውድድሩን እንደ አዲስ ለመሥራት ተስማማን። በየካቲት 16 ዋዜማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ፈቃድ አግኝተን፣ አንኮበር ኪዳነ ምሕረት ገባን። ሁለቱ ካሜራዎች የአንድ አምራች ስለሆኑ ያቺ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ለሁለቱም ትሆናለች፤ እርስዋኑ እየተቀባበሉ ተጠቀሙ። የትንሹ ሴንሰር ባለቤት ምስሉ እኩል እንዲሞላ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር። አፐርቸር 1.8፣ ሹተር 1/60፣ አይ.ኤስ.ኦ. 6400፤ ሁለቱም በሮው፤ መጥረጊያ የለም። መሪጌታውም በፈቃዳቸው መጥተው ከጓደኞቻቸው ጋር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ምስሎቹ 30 በ45 ሴንቲሜትር ታትመው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትልቁ ሴንሰር ያለ ክርክር በለጠ። ኖይዙ ሳስቷል፤ ሽበቱም አለ። ብልጫው ሂሳቡ እንደሚለው ከአንድ ስቶፕ ጥቂት የሚያልፍ ይመስላል፤ ከአንድ ሜትር ርቀት በግልጽ ይታያል፤ ከሦስት ሜትር የሚለየው ሙያተኛ ብቻ ነው። የትንሹ ካሜራ ባለቤት አኩርፎ ነበር፤ ኋላ ግን ያቺን ሌንስ ለጓደኛው አላውስም ማለቱን ሰምቼ ስቄያለሁ። በሁለቱም ምስሎች ላይ የግድግዳው ሰማያዊ ፈልቷል፤ በትንሹ ይበልጥ፣ በትልቁም ግን ያለ ጥርጥር።

መሪጌታው ሁለቱን አይተው «አሁንስ ሁለቱም እኔ ነኝ» አሉ። ጥቂት ቆይተውም በጣታቸው ወደ ምስሉ ትከሻ አመለከቱና በርኖሳቸው የመንዝ በግ ጠጉር መሆኑን፣ ፈትሉም ከሩቅ እንደሚታወቅ ነገሩን። ጎንበስ ብለን አየን። በየትኛውም ላይ ፈትል አልነበረም፤ ጥቁር ብቻ ነው።